አረሙ ሳይቀድመን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከወጣቶቹ የእርሻ ቡድን የቀረበ ንግግር)

 

በዚህ መድረክ ስለ ፈተና፣ ስለ ሠራዊት አገልግሎት፣ ስለ ሥራ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ዛሬ እኛ የመጣነው ስለ አረም ልንነግራችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ እናያለን። እውነታችሁን ነው፤ ለእናንተ ስለ አረም ማስተማር ለቄስ ጸሎት እንደ ማስተማር ነው። ስለዚህ ለማስተማር አልመጣንም። አንድ ጥፋታችንን ልንናገር፣ ከዚያ ጥፋት የተማርነውን ልናካፍል፣ መጨረሻ ላይም አንድ ነገር ልንለምን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በቤኤር ቱቪያ አካባቢ የሚኖር አንድ የሞሻቭ ገበሬ ከማሳው ዳር ሁለት ዱናም ቦታ ሰጠን። ከኪርያት ማላኪ፣ ከገዴራና ከያቭኔ ተሰባስበን ዓርብ ጠዋት ጠዋት ከአባቶችና ከእናቶች ጋር እንድንሠራበት ነበር ሐሳቡ። አፈሩ ከባድ፣ ሲረጥብ ጫማ የሚይዝ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ነው። አባቶች ገና እንዳዩት «ይሄ ዋልካ ነው» አሉ። ደስ አላቸው። አንዳንዶቹ ጎንብሰው አፈሩን በእጃቸው አሹት፣ አሸተቱት። እኛ ቆመን እናያቸው ነበር። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው የምናውቃቸው ሰዎች ማሳ ላይ ሌላ ሰው ሆኑብን።

ያኔ የመከር ወቅት ነበር፤ ዝናቡ ሊጀምር ሲል። አንድ የእርሻ አማካሪ መጥቶ በዕብራይስጥ አስረዳን። እኛ እንተረጉማለን። ከአባቶቻችን አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በጎንደር ገጠር ያረሱ ሰው፣ እጃቸውን አንስተው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ንገረው። ዝናቡ ይውረድ፤ መሬቱ በሆዱ ያለውን ያብቅል። እሱን ገልብጠን ነው የምንዘራው።»

እኛ ምን ብለን ተረጎምን? «ዝናብ እንጠብቅ ይላሉ» አልን። በቃ። አማካሪውም «ልክ ናቸው፣ በዚህ ሳምንት ዝናብ አለ» አለ። ዝናቡ ዘነበ፤ እኛም በአራተኛው ቀን ባቄላና ስንዴ ዘራን።

የቀረውን ዓረፍተ ነገር ለምን አልተረጎምነውም? አንደኛ፣ በዕብራይስጥ እንዴት እንደሚባል አላወቅንም። ሁለተኛውን ለመናገር ያሳፍራል፤ የድሮ ነገር መስሎን ነው። ባጭሩ ቆረጥነው። እኚያ አባት ደግሞ የተናገሩት ደርሶ አማካሪው ያልተቀበላቸው መሰላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አዘራሩ ምንም አልተናገሩም።

ከዚያ ምን ሆነ? ባቄላው በቀለ፤ ከባቄላው ጋር ግን ሌላው ሁሉ አብሮ በቀለ። ሰናፍጩ፣ ስናሩ፣ ሁቤዛው። ጥር አካባቢ ማሳው ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆነ። እኛ «እንዴት ያምራል!» ብለን አበባው መሃል ቆመን ፎቶ ተነሳን። ዞር ስንል እናቶች ራሳቸውን ይዘዋል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን። በፎቶው ላይ የሚያምረው እኮ አረሙ ነው፤ ባቄላው ከሥሩ አይታይም።

ዘጠኝ ዓርብ አረምን። ሰናፍጩ ከወገብ በላይ ደርሶ ስለነበር ስንነቅለው ባቄላውን አብሮ ይነቅለዋል። ለመርጨት ጠየቅን፤ ገበሬው ግን ሁለቱም ሰፊ ቅጠል ስለሆኑ በዚህ ጊዜ ሰናፍጩን የሚያቃጥለው ባቄላውንም ይጎዳዋል አለን። ስንዴው ውስጥ ያለው ስናርማ ከስንዴው ጋር ተመሳስሎ እስኪያፈራ ድረስ ለይተን አላወቅነውም። እናቶች ናቸው በቅጠሉ አጠማዘዝ እያሳዩ ያስተማሩን። መጨረሻ ላይ ከባቄላው ከግማሽ በላይ አጣን። ከሁሉ የባሰው ግን አረሙ ዘሩን አራግፎ መሄዱ ነው። ለሚቀጥለው ዓመትም እኛው ዘራንለት ማለት ነው።

በጸደይ ያው ገበሬ ወደ ጥጥ ማሳው ወሰደን። ትራክተሩ በኋላው ካልቴሬት ጎትቶ በመስመሮቹ መካከል ይሄዳል። ትናንሽ ማረሻዎች በተርታ ተደርድረዋል፤ ጥጡን ሳይነኩ መሃሉን ይፍቃሉ፣ አረሙን ይነቅላሉ፣ አፈሩን ወደ ተክሉ ሥር ይመልሳሉ። እኚያ አባት ቆመው አዩት። ከዚያ በትራቸውን መሬት ላይ መትተው «ይሄማ ሽልሻሎ ነው!» አሉ።

ሽልሻሎ ምን እንደሆነ ከእኛ ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። ለማታውቁት እንንገራችሁ። በቆሎ ወይም ማሽላ ተዘርቶ ወደ አንድ ወር፣ አንድ ወር ተኩል ሲሆነው ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ በቡቃያው መካከል ያርሳል። ሲያዩት ሰብሉን የሚያጠፋ ይመስላል። ግን አረሙን ይነቅላል፤ የበዛውን ቡቃያ ያሳሳል፤ አፈሩን ከፍቶ የዝናቡን ውኃ ያስገባል። አንድ ሥራ ሦስት ጥቅም። ካልቴሬቱ ብረት ነው፣ ሽልሻሎው ሞፈርና ቀንበር ነው፤ ሐሳባቸው ግን አንድ ነው።

ከጥጡ ማሳ ስንመለስ ጥያቄው መጣ። እነዚያን ያልተረጎምናቸውን ቃላት እንደገና ጠየቅን፤ እሳቸውም ደገሙልን። በዚህ ጊዜ ቃል በቃል ተረጎምን። አማካሪው ሰምቶ ዝም አለ፤ ከዚያ «እኛም ለገበሬዎች የምንመክረው እኮ ይህንኑ ነው። ታዲያ ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለን። መልስ አልነበረንም። እሳቸውም ቀስ ብለው «የናቀኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። የናቅናቸው ግን እሱ አልነበረም። እኛ ነን። ይኸው፣ ልንናገረው የመጣነው ጥፋት ይህ ነው። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ ዛሬ በሁላችሁ ፊት ደግሞ እንጠይቃቸዋለን።

አሁን የተማርነውን እንቁጠር።

መጀመሪያ፣ ከዘር በፊት ያለው ሥራ። በአፈሩ የላይኛው ክፍል ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ ብዙ የአረም ዘር አለ። ዝናብ ወይም መስኖ ሲያገኝ ይነሳል። ገበሬው ማሳውን አዘጋጅቶ አረሙን ሆን ብሎ ያስነሳዋል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቆ በስሱ ይፍቀዋል። ከተቻለ ይደግመዋል። ከዚያ ይዘራል። ሰብሉ ሲበቅል ተፎካካሪው ቀንሷል። አገር ቤት መሬቱ ሲጎለጎል፣ ሲታየም፣ ሲሰለስ፣ ለጤፍማ ከዚያም በላይ ደጋግሞ ሲታረስ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጤፍ ቅንጣቱ ትንሽ፣ ቡቃያውም ደካማ ስለሆነ አረም ከቀደመው አይችልም።

ሁለተኛ፣ ጊዜው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? አረም በጣም የሚጎዳው ሰብሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሳው ንጹሕ ከሆነ ሰብሉ አድጎ ጥላ ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለውን ራሱ ያፍነዋል። አረሙንም ለመግደል ቀላሉ ጊዜ ገና እንደ ነጭ ክር ሆኖ ከአፈር ሲወጣ ወይም ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ነው። ያኔ መነካካት ብቻ ይበቃዋል። ወገብ ሲደርስ ግን የእኛን ዘጠኝ ዓርብ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ጥልቀቱ። እኛ ጎበዝ ለመምሰል በቱሪያ ጠልቀን ስንቆፍር እናቶች «ቀስ! ፋቅ ፋቅ ብቻ» ይሉን ነበር። ልክ ናቸው። ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆፈሩ የሰብሉን ሥር ይቆርጣሉ፣ እርጥበቱን ያባክናሉ፣ ከታች የተኛውንም የአረም ዘር ወደ ላይ አውጥተው «ተነስ» ይሉታል።

አራተኛ፣ ፀሐዩ። አረም የሚታረመው አፈሩ ሲጠፈጥፍና ቀኑ ብራ ሲሆን ነው። የተነቀለው በፀሐይ ይደርቃል። በእርጥብ አፈር ላይ ነቅለን ከተውነው ወይም ማታውኑ ከዘነበበት እንደገና ሥር ይሰድዳል። ልፋቱ ሁሉ ከንቱ።

አምስተኛ፣ መስመሩ። በብተና የተዘራ ማሳ ውስጥ መሣሪያ አይገባም፤ እጅ ብቻ ነው። በመስመር ከተዘራ ግን መኮትኮቻም፣ ካልቴሬትም ይገባል። ይህ የዛሬ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ጄትሮ ተል በፈረስ የሚጎተት መኮትኮቻ በመስመር በተዘራ ሰብል መካከል ስለ መንዳት መጽሐፍ ያሳተመው በ1731 ነው። በኢትዮጵያም ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ጤፍን በመስመር የመዝራት ዘመቻ ተካሂዷል። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ሲወስድ፣ በመስመር ግን ጥቂት ኪሎ ይበቃል ተብሎ ነው የተመከረው። ችግሩ፣ ያንን ደቃቅ ዘር በእጅ በመስመር ማፍሰስ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። አረሙ ላይ የዳነው ጉልበት ዘሩ ላይ ይወጣል፤ ገበሬው ሁለቱን መዝኖ ነው የሚወስነው።

ዛሬ ደግሞ መሣሪያው ረቅቋል። ተክሉን ሳይጎዱ በተክልና በተክል መካከል ያለውን ቡቃያ አረም የሚነቅሉ የጎማ ጣቶች አሉ። ማሳውን ሁሉ የሚያበጥሩ፣ እንደ ማበጠሪያ ቀጫጭን የብረት ጥርስ ያላቸውም አሉ። መስመሩን በካሜራ እያየ ብረቱን ግራና ቀኝ የሚመራ ካልቴሬትም አለ። ከእኛ መካከል ኮምፒውተር የምታጠኑ፣ ስሙ! የዚህ ሁሉ ሥራ ጥያቄው ያው የእናቶቻችሁ ጥያቄ ነው፦ የቱ ሰብል፣ የቱ አረም?

ሁሉንም ግን ብረት አይፈታውም፤ ይህንንም በሐቀኝነት እንናገር። ሰርዶና እንግጫ ሲቆራረጡ ይባዛሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሌላ ተክል ይሆናል። እነሱን በበጋ ቆፍሮ ሥራቸውን ለፀሐይ ማስጣት፣ ለቅሞም ከማሳ ማውጣት ነው። አገር ቤት ማሽላን የሚያጠፋውን አቀንጭራን ታውቁታላችሁ። እዚህ ወንድሙ አለ፤ በዕብራይስጥ አሌኬት ይባላል፤ ሱፍንና ቲማቲምን ይይዛል። ሁለቱም ከሰብሉ ሥር ላይ ተጣብቀው ምግቡን ይጠጣሉ። ከአፈር ወጥተው ስናያቸው ጉዳቱ ከመሬት በታች ተፈጽሟል። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም ለብዙ ዓመት አፈር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ሳያብብ ነቅሎ ከማሳው ማራቅ ለዘንድሮ ባይጠቅም ለከርሞ ይጠቅማል።

መድኃኒትስ? ገበሬውን አንወቅስም። ሺህ ዱናም ያለው ሰው በቱሪያ አይዘልቀውም። ግን መድኃኒቱም ብቻውን አልዘለቀም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግላይፎሴት ገበያ ላይ የዋለው በ1974 ነው፤ በ1996 አውስትራሊያ ውስጥ እሱን የለመደ፣ የማይሞት አረም ተገኘ። ያም አረም የእንክርዳድ ዘመድ ነው። እዚህ እስራኤል ውስጥም መድኃኒት የማይገድላቸው የአሉማ ዓይነቶች አሉ። ለዚህ ነው ትልልቆቹ ገበሬዎችም ወደ ብረቱ የሚመለሱት። ሌላም መንገድ አለ። ከዚህ ሩቅ ባልሆነው በሬሆቮት የእርሻ ፋኩልቲ ፕሮፌሰር ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቹ እርጥብ አፈርን በበጋ በፕላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ ሙቀት በሽታንና ብዙ የአረም ዘርን መግደል እንደሚቻል በ1976 አሳትመዋል። በእኛ ሁለት ዱናም ላይ ግን ልጆች ይሮጣሉ፣ እናቶች ሁቤዛ ለወጥ ይለቅማሉ። ስለዚህ እዚያ ላለመርጨት ወስነናል።

ወላጆቻችን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። እኛ ልጆች «አባትህ አገር ቤት ምን ነበር?» ስንባል ብዙ ጊዜ «ገበሬ ብቻ» እንላለን። ያቺን «ብቻ» ከየት አመጣናት? ቤተ እስራኤል በጎንደር ለብዙ ዘመን ርስት ተነፍጎ በሰው መሬት እያረሰ ሲሦና እኩሌታ ይገብር ነበር። ጎረቤቱ የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ የሚቀጠቅጠውም እሱ ነበር። ብረቱን ይፈልጉታል፣ ሠሪውን ግን ቡዳ ይሉታል። መሬት ለአራሹ የታወጀው የካቲት 1967 ዓ.ም.፣ በዚህ አቆጣጠር በ1975 ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ብዙዎቻችሁ ያንን መሬት ትታችሁ በእግር ወደ ሱዳን ወጣችሁ። እንግዲህ አፈሩን በእጃችሁ ስታሹት ለምን እንደዚያ እንደሆናችሁ አሁን በመጠኑ ገብቶናል።

በዚያው በ1975 ሌላም ነገር ሆኗል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ጎንብሰው የሚያርሙበት አጭር እጀታ ያለው መኮትኮቻ ተከለከለ። ወገባቸውን እየሰበረ ስለነበር ነው። ባለቤቶቹ «ያለ እሱ ሰብል ይጎዳል» ብለው ነበር። ረጅም እጀታ ገባ፤ እርሻው ቀጠለ። ይህን የምንነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ልመናችን ስለሚወስደን ነው።

ባለፈው ዓመት እንደተባልነው አደረግን። የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ፤ አልዘራንም። ማሳው አረንጓዴ ለበሰ፤ ገበሬው በካልቴሬቱ በስሱ ፋቀልን። እንደገና ዘነበ፣ እንደገና በቀለ፣ እንደገና ፋቅነው። በጥር ሽምብራ በመስመር ዘራን። በዘጠኝ ዓርብ ፋንታ አራት በቃን። ሽምብራው ደረሰ፤ እሸቱን ማሳው ላይ ቁጭ ብለን በላን። ፍጹም ነበር አንልም። አንድ ጥግ ላይ ሰርዶው አሸንፎናል፤ አሁንም አለ።

ግን ከአራቱ ዓርብ በሁለቱ ማን ነበር የመጣው? እንናገር እንጂ። አባቶችና እናቶች ነበሩ። ከወጣቱ አራት ሰው፣ አምስት ሰው። ከዘጠኝ ወደ አራት ስለወረደ «እነሱ ይጨርሱታል» ተባለ። እኚያ ሽልሻሎ ያሉን አባት አሁን ወገባቸውን ታመዋል። ማሳው ዳር ወንበር እናወጣላቸዋለን፤ በበትራቸው «ያንን! አይ፣ ከጎኑ ያለውን!» እያሉ ያሳዩናል። የሚያሳዩት ሰው ካልመጣ ግን ለማን ያሳያሉ?

ስለዚህ ልመናችን ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ማኅበሩ ረጅም እጀታ ያላቸው መኮትኮቻዎች ይግዛልን። ከእንግዲህ እናቶች ጎንብሰው አያርሙ።

ሁለተኛ፣ ወንፈል እንግባ። አገር ቤት ዛሬ የእኔን፣ ነገ ያንተን እየተባለ አረም በወንፈል ይታረም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። እያንዳንዱ ወጣት በክረምቱ ሁለት ዓርብ፣ ለሁለት ለሁለት ሰዓት ይምጣ፤ በለውጡ እኛ ለወላጁ የባንክ፣ የሐኪም፣ የከተማው አስተዳደር ወረቀት እንሞላለን፣ እንተረጉማለን። የጉልበት ብድር በጉልበት ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ይህ ለእኛ ለተርጓሚዎቹ ነው። ሐኪም ቤትም ይሁን ትምህርት ቤት፣ እናትህ አምስት ቃል ስትናገር አንዱን ብቻ አትተርጉም። ካልገባህ «እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?» በል። ቃሉ በዕብራይስጥ ከጠፋህ ነገሩን አስረዳ። አላስፈላጊ የመሰለህን አትቁረጥ፤ የቱ እንደሚያስፈልግ አንተ ላታውቅ ትችላለህ። እኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ማሳ ባቄላ ከፍለንበታል። ባቄላ ይተካል። እኚያ አባት ዝም ብለው የቆዩበት ክረምት ግን አይተካም።

ለዚህም ደብተር ጀምረናል። የአረሙን ስም በአማርኛና በዕብራይስጥ፣ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደሚነቀል እየጻፍን ነው። እስካሁን ሃያ ሰባት ስም አለን። ዛሬ በር ላይ ተቀምጧል፤ ስትወጡ የምታውቁትን ንገሩን፤ እንጽፋለን። ሙሉውን እንጽፋለን።

ዝናቡ እየቀረበ ነው። እንደ ዘነበ አንዘራም፤ እንጠብቃለን፤ ያለውን ያብቅል። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት በሰባት ሰዓት፣ ከኪርያት ማላኪ መግቢያ ተነስተን አብረን እንሄዳለን። ሰዓቱ የእዚህ አገር ሰባት ነው፤ አባቶች፣ በእናንተ አንድ ሰዓት። ወንበሩን እኛ እናመጣለን።